ጃቫን በጁባ ወደብ

ጃቫ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለሚማር ሰው ከጁባ ወደብ የተሻለ መለማመጃ ያለ አይመስለኝም። መጽሐፎቹ ውሻና ድመት ወይም የባንክ ሒሳብ ይሰጡናል። እዚህ ነጭ ዓባይ ዳር ግን ወደ ቦርና ማላካል የሚሄዱ የጭነት ጀልባዎች አሉ። «ጀልባ» የሚል ክላስ ጽፌ መድረሻውን፣ የሚችለውን ክብደትና የጫነውን ዝርዝር ውስጡ አስቀምጣለሁ፤ «ጫን» የሚለው ሜተድ ክብደቱ ካለፈ እምቢ ይላል። (ስሙን በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። ጃቫ የዩኒኮድ ፊደላትን ይቀበላል፤ የእኛም ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ይህ ሁሌም ደስ ይለኛል።)

ከዚያ የዘወትሩ ሥራ ይመጣል፦ ከፋይል ማንበብ፣ በመድረሻ መደርደር፣ የየነጋዴውን ጆንያ በሃሽማፕ መቁጠር። ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው ጽሑፍ ሲያወዳድር ነው። ድርብ የእኩል ምልክት የሚጠይቀው «ሁለቱ ያው አንድ ዕቃ ናቸው ወይ?» ብሎ ነው፤ «ኢኩዋልስ» ግን ይዘታቸውን ያያል። ሁለት ጆንያ ላይ «ማሽላ» ተብሎ ቢጻፍ ጽሑፉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጆንያው ግን ሁለት ነው። ወደቡ ላይ ቆሞ ይህን ያየ ሰው አይረሳውም።

ደግሞም ክላስና እንዲህ ያለ የወደብ ሥራ ከሥራቸው የተያያዙ ናቸው። ክላስና ኦብጀክትን ያመጣውን ሲሙላ 67 የተባለውን ቋንቋ ኦስሎ ላይ የሠሩት ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ፣ የተነሡት እንደ ወደቡ ያለ ወረፋና እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ለማስመሰል ነበር። እ.ኤ.አ. የ2001 የቱሪንግ ሽልማትም ተሰጥቷቸዋል።

ኮድ የምትማሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዓይናችሁ የሚያየውን ሥራ ክላስ አድርጉት፦ የመርካቶን መጋዘን፣ የጣናን ጀልባ። እኔ ቀጥዬ የምሞክረው ኢንሄሪታንስን ነው፤ የመንገደኛውና የጭነቱ ጀልባ ከአንድ ክላስ ሲወርሱ።