ስምንት አሥረኛ ሰከንድ

ሳይኮሎጂ ማጥናቴን የሰማ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ዓይኑን ከዓይኔ ያሸሻል፣ ወይ «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይለኛል። የመንገድ ዳር መጽሐፍ አዟሪዎቻችን ደግሞ ቶሎ የመክበሪያውንም፣ የትዳር ምክሩንም «ሳይኮሎጂ ነው» ብለው ይሸጡልናል። የሙያው ጥንት ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው ጺማሙን የቪየና ሐኪምና ሶፋውን ነው። እኔ ግን የዘር ሐረጉን ወደ ላይ ስቆጥር የማገኘው ከሥራው የተባረረ አንድ ምስኪን ረዳት ነው።

ዴቪድ ኪንብሩክ ግሪንዊች በሚገኘው የእንግሊዝ የከዋክብት መመልከቻ የኔቪል ማስክላይን ረዳት ነበር። ሥራው ኮከብ በቴሌስኮፑ ውስጥ የተወጠረውን ቀጭን ክር የሚያልፍበትን ቅጽበት መመዝገብ ነው። ዓይን ኮከቡን ይከተላል፣ ጆሮ የሰዓቱን ምት ይቆጥራል፣ የሰከንዷ አሥረኛ ደግሞ በግምት ትሞላለች። በ1795 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የረዳቱ ምዝገባ ከአለቃው ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ቢመከርም ባሰበት። በ1796 መጀመሪያ ልዩነቱ 0.8 ሰከንድ ደረሰና ተሰናበተ። የአለቃው ዓይንና ጆሮ ትክክል ለመሆኑስ ማን መሰከረ? አለቃው ነዋ!

ሁለት አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ የኮኒግስበርጉ የከዋክብት ሊቅ ፍሪድሪክ ቤሰል ይህን ታሪክ አነበበና «እኔስ?» ብሎ ጠየቀ። ራሱን ከተከበሩ ባልደረቦቹ ጋር ቢያስተያይ ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ የሆነበት ጊዜ ነበር። ለካ መዘግየት የስንፍና ምልክት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ አለው። ኪንብሩክ ይህን ሳይሰማ በ1802 ሞቷል።

ቀጥሎ የመጣው የነርቭ ጉዳይ ነው። ዮሐንስ ሙለር የተባለው ትልቅ መምህር የነርቭ መልእክት ፍጥነት የሚለካ አይመስለኝም ብሎ ነበር። የገዛ ተማሪው ሄልምሆልዝ በ1850 በእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ ለካው፤ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ። መብረቅ ነው የተባለው ነገር ከድምፅ እንኳ የሚያዘግም ሆኖ ተገኘ።

የሄልምሆልዝ ረዳት የነበረው ቪልሄልም ቩንት ፔንዱለምና ደወል አጣምሮ ራሱን ፈተነ። ደወሉ ሲጮህ ፔንዱለሙን ያየበት ቦታና ፔንዱለሙ በእርግጥ የነበረበት ቦታ አልገጠሙለትም። የኪንብሩክ ጣጣ ቩንት ቤት ገባ ማለት ነው። በ1879 ላይፕዚግ ውስጥ ቤተ ሙከራውን ሲያቋቁም ሥራው በአብዛኛው ይኸው ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ ቁልፉን ልቀቅ፣ መሣሪያው የሰከንድ ሺኛ ይቁጠር፣ ሌላውም ሰው በተመሳሳይ ሁኔታ ደግሞ ይሞክረው። ነፍስን ያህል ነገር ፍለጋ ወጥቶ ቁልፍ ላይ መቀመጥ ለብዙዎች ውርደት መስሏቸዋል። ቩንት ራሱም ቋንቋ፣ ልማድና ተረት በቁልፍ እንደማይለኩ ያውቅ ነበርና ስለ እነሱ ከ1900 እስከ 1920 አሥር ቅጽ ጻፈ። አሥሩንም ያነበበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በ2015 ይፋ በሆነ አንድ ሰፊ ጥናት 100 የታተሙ የሳይኮሎጂ ምርምሮች እንደ አዲስ ተሞከሩ። ውጤታቸው የተደገመው ከግማሽ በታች ነው። «ድሮስ ምን ሳይንስ ነው?» የሚሉ ወዳጆቼ ደስ አላቸው። እኔ በተቃራኒው ኮራሁ፤ ጠንቋይ የአምና ትንቢቱን ቆጥሮ ስንቱ እንደከሸፈ ሲያሳትም አይቼ አላውቅም።

የሚቸግረኝ ሌላ ነው። ይህ ሳይንስ አጥንቶ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ የሚጠየቀው ግን ስለ አንድ ሰው ነው። ጎረቤታችን በቀደም ቡና ላይ ልጃቸው ለምን እንደሚያኮርፋቸው ጠየቁኝ። «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች በአማካይ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ስለ አማካዩ የራሱ እናት ትጠይቅህ» አሉኝ፣ «እኔ የምጠይቅህ ስለ ወለድኩት ነው።»