የአባዬ ጃር

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለአባዬ ኖኪያ የባሕረ ሐሳብ ማስሊያ በጃቫ ሠርቼለት ነበር። ጃናሞራ ተቀምጦ ነነዌ መቼ እንደሚገባ ለጎረቤት ይናገርበታል። ዘንድሮ ስልኩ አልነሳ አለ። የጻፍኩት ኮድ ላፕቶፔ ሲሰረቅ አብሮ ሄዷል፤ የቀረኝ ኮምፓይል የተደረገው የጃር ፋይል ብቻ ነው።

አንድሮይድ ደግሞ የጃቫን ባይትኮድ እንዳለ አያነብም። የጃቫው ማሽን ቁጥሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ ያሰላል፤ የአንድሮይዱ ዴክስ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር ሬጅስተር ይሰጠዋል። መቀየሪያው ስሌቱን አሻገረልኝ። የኖኪያውን ስክሪን የሚያዘው ላይብረሪ ግን አንድሮይድ ላይ የለም፤ ያንን እንደ አዲስ ጻፍኩት።

አባዬ አዲሱን ስልክ ይዞ መባጃ ሐመሩን በጣቱ ቆጠረ። «ልክ ነው» አለ። ለካ ድሮም የሚያምነው ጣቱን ነው! ስልኩን ለጎረቤት የሚያሳየው ልጁ ስለሠራው ነበር።