አራቱም አረንጓዴ ነበሩ

ሐምሌ 2015 መገባደጃ ላይ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጓደኛዬ ቤት ሆኜ ዘገባ ልልክ ብል አልሄድ አለኝ። ሲም የሚገባበትን ዋይፋይ ሞደም አየሁት፦ ፓወሩ በርቷል፣ ዋይፋዩ በርቷል፣ የሲግናሉ አራት መብራቶች አረንጓዴ ናቸው። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ሲሙን አውጥቼ ጠረግሁት። ወይ ፍንክች!

ለካ መብራቶቹን ማንበብ አላውቅም ነበር። ፓወር ማለት ሞደሙ ኤሌክትሪክ አግኝቷል ነው። ዋይፋይ ከሞደሙ እስከ ስልካችን ያለውን ይነግረናል። ሲግናል ደግሞ ከሞደሙ እስከ ቅርቡ የኔትወርክ ማማ። ከማማው ወዲያ ያለውን ግን አንዳቸውም አያዩም። የተዘጋው እዚያ ነው።

በዚያ ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የተበላሸ ዕቃ አልነበረም።

ይህን ለደባርቋ እህቴ የነገርኳት ግን ዘግይቼ ነው። ስልኳን ለጥገና ሰጥታ፣ ሠራተኛው «የሶፍትዌር ችግር ነው» ብሎ ብር ተቀብሎ ፎርማት አድርጎታል። የልጇ የክርስትና ፎቶዎች አብረው ጠፉ። ኢንተርኔቱ ግን ያው አልሠራም።

ብልሽት ይጠገናል፤ ውሳኔ ግን ይጠየቃል። ሰው ሁለቱን መለየት ካልቻለ የሚጠይቀው የገዛ ዕቃውን ነው። ስለዚህ የሚዘጋ አካል ቢያንስ «ዘግቻለሁ፣ በዚህ ምክንያት፣ እስከዚህ ቀን» ይበል። እህቴ ይህን ብትሰማ ኖሮ ስልኳን ለማንም አትሰጥም ነበር።