ምርቃቱ

በሦስታችን ገንዘብ አንድ ሌንስ ገዛን። ገዛን ስንል በቀላሉ አይደለም፤ አንዳችን የኪስ ገንዘቡን ወራት አጠራቅሞ፣ ሁለተኛችን በክረምት ልጆች አስጠንቶ ያገኘውን አውጥቶ፣ ሦስተኛችን ከታላቅ እኅቱ ተበድሮ ነው። አንዳችን በ4 ኪሎ ሥነ ሕይወት፣ አንዳችን በ5 ኪሎ ምሕንድስና፣ አንዳችን በ6 ኪሎ ሕግ እንማራለንና ጓደኞቻችን ደምረው «15 ኪሎ» ይሉናል። ይህን ማንሣታችን ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደምታዩት ጠቡም ዕርቁም የመጣው ከዚሁ ከትምህርታችን መለያየት ነው።

ሌንሱ ሩቁን የሚያቀርብ፣ ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚሳብ ቴሌፎቶ ዙም ነው። አሳባችን እንዲህ ነበር፤ የሥነ ሕይወቱ ተማሪ የእንጦጦን ወፎች ያነሣበታል፤ የምረቃ ቀን ሲመጣ ደግሞ ከሕዝቡ ኋላ ቆመን የተመራቂዎቹን ፊት ከሩቅ እየለቀምን ለቤተ ሰቦቻቸው እንሸጣለን፤ ዕዳውም በዚያው ይከፈላል። ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የደረሰን ባለ መስተዋት አሮጌ ዲጂታል ነው። ሌንሱን የሸጡልን ዕድሜያቸው የገፋ ነጋዴ ናቸው። «እስከ ሰኞ ማታ ሞክሩት፤ እንከን ካገኛችሁበት መልሱት» አሉን። ልንወጣ ስንል መልሰው ጠሩንና፣ በሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመድ ክብ መስተዋት፣ ፊልተር የሚሉትን፣ «ይኸ ምርቃት ነው፤ ፊቱን ከጭረት ይጠብቅላችኋል» ብለው በገዛ እጃቸው ገጠሙልን። ምርቃት የሚጠላ ማን አለ? አመስግነን ወጣን።

ቅዳሜ ማለዳ ከፒያሳ በሰሜን ሆቴል በኩል በታክሲ ሽቅብ ወጥተን አዲሱ ገበያ ደረስን። የሥነ ሕይወቱ ተማሪ ቤት እዚያ ነው። ሰፈሩ በስሙ አዲስ ይባል እንጂ እኛ ሳንወለድ ያረጀ ነው። ለሌንስ መሞከሪያ ግን ከከተማው ሁሉ የሚሻል ቦታ ሆኖ አገኘነው። ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚያወጣው መንገድ በመካከሉ ያልፋል፤ ከበላዩ እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ቆሟል፤ ከበታቹ ከተማው ቁልቁል ተዘርግቷል። ቅርቡም ሩቁም ከአንድ ግቢ ይታያል ማለት ነው።

ሌንስ አዲስ ነው ተብሎ ብቻ አይታመንም። በቴሌፎቶ ውስጥ የፊተኛው የመስተዋት ቡድን ብርሃኑን ይሰበስባል፣ የኋለኛው በመጠኑ መልሶ ይበትነዋል፤ በዚህ ብልሃት ረዥሙ የትኩረት ርቀት በአጭር ቱቦ ውስጥ ይከተታል። ዙም ሲሆን ደግሞ ቡድኖቹ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። ከመካከላቸው አንዱ ጥቂት እንኳ ዘንበል ቢል የሥዕሉ ግራ ጠርቶ ቀኙ ይደበዝዛል። በ1959 እ.ኤ.አ. በፎክትሌንደር ስም የወጣው ዙማር፣ ለ35 ሚሊ ሜትር ፎቶግራፍ ካሜራ የመጀመሪያው ዙም፣ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር የሚሳበው። የእኛው ከአራት እጥፍ በላይ ይሳባልና የሚሳሳትበትም መንገድ እንዲሁ ይበዛል።

የምሕንድስናው ተማሪ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጾችን በብሎኬቱ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈ። ከአሥር እርምጃ ላይ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆምን፤ እንዳይነቃነቅም ውሃ የሞላ ጀሪካን ከሥሩ አንጠለጠልን። ከዚያም በሲባጎ ከሌንሱ እስከ ጋዜጣው አራት ማዕዘኖች ያለውን ርቀት ለካና እኩል እስኪሆን ድረስ ካሜራውን አስተካከለ፤ ካሜራው ለግድግዳው ትይዩ ካልሆነ ጥፋቱ የሌንሱ ይሁን የአቋቋሙ አይለይምና። በ70፣ በ135፣ በ200 እና በ300፣ እያንዳንዱንም በ5.6፣ በ8 እና በ11 ክፍተት፣ 12 ፎቶግራፍ አነሣን፤ ሁሉንም በደብተር መዘገብን።

በ70 ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። በ135ም አይነቀፍም። በ200 መፍዘዝ ጀመረ። በ300 ግን እያንዳንዱ ፊደል ከጎኑ ጥላ አበቀለ፤ አባቶቻችን በእስቴንስል ያባዙት የነበረውን፣ ቀለም የሸሸውን ወረቀት መሰለ። ማዕዘኑ ብቻ ቢሆን በተጽናናን፤ መካከሉም እንደዚያው ነው።

«ተታለናል» አለ የሕጉ።

«ቆይ» አለ የምሕንድስናው። በሌንሱ ጎን ያለውን የንቅናቄ ማረጋጊያ አጠፋ፤ በማቆሚያ ላይ ሳለ የሌለውን ንቅናቄ እየፈለገ ራሱ ሊያነቃንቅ ይችላልና። ጣታችን እንዳይነካውም የካሜራው መስተዋት አስቀድሞ ተነሥቶ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ እንዲያነሣ አደረገ። ትኩረቱንም በስክሪኑ ላይ አጉልቶ በእጁ አስተካከለ። ጥቂት ተሻለ፤ አልዳነም። ይህን ስናደርግ 5 ሰዓት ሆነና ፀሐዩ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሁሉ አጋለው። ከዚያ በኋላ ሩቁን ማንሣት ዋጋ የለውም፤ የጋለው አየር እንደ ፈላ ውሃ ስለሚርገበገብ ማናቸውም ሌንስ ይደበዝዛል። የምሕንድስናው ይህንኑ ሲያስረዳ የሕጉ ስልኩን አንሥቶ ደወለ።

የተናገረውን አንደብቅም። «እንከን ያለበትን ዕቃ አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ሌብነት ነው። ሕግ አለ» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እሺ ልጄ፤ አምጡት» ብለው ዘጉት። ሁላችንም ቆመን ሰማን። ሁለታችን ልናስቆመው እንችል ነበር፤ ገንዘባችን ነውና አላስቆምነውም።

ከዚያ በኋላ ሥራ የፈታ ሰው እንደሚያደርገው ሌንሱን ወደ ተራራው አዞርነው። በቁልቁለቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱ ነበር። አንዲቱን በ300 ሳብናት፤ ጎንበስ ካለው ግንባሯ ላይ ላቡ ሳይቀር ታየ። የጓደኛችን እናት ቡና ይዘው መጥተው ከትከሻችን በላይ ተመለከቱ።

«ይህችማ የታችኛው ሰፈሯ ናት። ማንሣታችሁን ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ምን ልትሏት ነው? ወይ ሂዱና ጠይቋት፣ ወይ ተዉአት። እኔም በዚያው መንገድ ወርጃለሁ።»

ልጃቸው ቀና ብሎ አያቸው። እንጨት መሸከማቸውን የሰማው ያን ዕለት ነበር። እርሳቸው ግን ነገሩን እንደ ትልቅ ነገር ሳይቆጥሩ ሲኒውን አደሉን፤ እኛም ሥዕሉን አጠፋነው።

ከግቢው አጥር ጎን የእህል ወፍጮ አለ። ሲፈጭ የዋለው ዱቄት በነፋስ እየመጣ ካሜራው ላይ ሰፍሮ ነበርና የሥነ ሕይወቱ ተማሪ ፊልተሩን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገው ጀመር። የምሕንድስናው ጊዜ ማባከን አይወድም፤ እርሱ እስኪጠርግ ድረስ ጋዜጣውን በ300፣ በ8 አንድ ጊዜ አነሣው። በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ሲያየው ዝም አለ። ጥላው የለም። የሥዕሎቹ የኅትመት ነጥብ እንኳ ይቈጠራል። ፊልተሩን መለስነው፤ ደበዘዘ። ፈታነው፤ ጠራ። ስድስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። የሕጉ ተማሪ በስድስተኛው ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።

ምክንያቱ ይኸ ነው፤ መልካም ፊልተር ሁለቱ ገጾቹ ፍጹም ለጥ ያሉና እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው። የረከሰው ግን ወጣ ገባ ሊሆን ይችላል። በሰፊው እይታ ጕድለቱ ብዙ አይታወቅም፤ በ300 ላይ ግን ሌንሱ ሩቁን እንደሚያጎላ የመስተዋቱንም ጥፋት አብሮ ያጎላል። ፊት ለመጠበቅ የፕላስቲኩ ኮፍያ ይበቃ ነበር።

ሌላውን በአጭሩ እንለፈው። የእማማን ሰባት ሲኒዎች በሰያፍ ደርድረን በአራተኛው ላይ ብናተኩር ካሜራው ሦስተኛውን አጠራ፤ ይህንንም በካሜራው የትኩረት ማረሚያ ወደ ኋላ እየገፋን አቀናነው። በ300 ላይ 5.6 ትንሽ ይለሰልሳል፤ 8 የተሻለ ነው። በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ክር ይታያል፤ ይህ ለዋጋው የሚገባ ነው። የካሜራችን ዳሳሽ ትንሽ በመሆኑ 300ው በእይታ እንደ 450 ስለሚሆን፣ በእጅ ስናነሣ ከሴኮንዱ 1/500 እጅ በታች ላለመውረድ ወሰንን። ሌንሱ ደኅና ነበር። ችግሩ ስልኩ ነበር።

መልሰን እንደውል ወይስ እንሂድ? የሕጉ ተማሪ በጽሑፍ መልእክት ይቅርታ መላክ ይበቃል አለ። የሥነ ሕይወቱ እናቱ ያሉትን አስታወሰው፤ ክርክሩ በዚያው አለቀ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ሱቁ ደጃፍ ቆምን። ሽማግሌው ባዩን ጊዜ አልተቆጡም፤ ገንዘባችን በወረቀት ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቈጥረው አዘጋጅተው ሲጠብቁን ነው የዋሉት። የሕጉ ተማሪ ያጠናውን ንግግር ረሳው። «ጋሼ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብሎ ብቻ ቀረ።

ሁለቱን ሥዕል አሳየናቸው፤ ፊልተሩ ያለበትንና የሌለበትን። መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። «ይኸን መስተዋት ለስንት ሰው መረቅሁት መሰላችሁ» አሉ ቀስ ብለው። ከመሳቢያው ካርቶን አወጡና የቀረውን ሁሉ በምሕንድስናው ፊት ዘረገፉት። ከመንገዱ ማዶ ባለ ማስታወቂያ ላይ አንድ በአንድ ሞከርናቸው። ከ11ዱ የተረፉት ሁለት ናቸው።

ሽማግሌው የደረሰኙን ደብተር ከፈቱና የገዢዎቹን ስልክ መፈለግ ጀመሩ። ዓይናቸው ቁጥሩን አልለይ ቢላቸው ደብተሩን ወደ ሕጉ ተማሪ ገፉት። «አንተ አንብብልኝ፤ በስልክ ድምፅህ ወፍራም ነው» አሉት። እርሱም እስኪመሽ ድረስ ቆሞ አነበበላቸው።