የአሮጌ ቶዮታ ሞተር ሕመሙን እንዴት እንደሚናገር

የሞተር ምስል ያለባትን ትንሽ ቢጫ መብራት ሁላችሁም በመኪና ውስጥ ሳታዩዋት አልቀራችሁም። ቁልፉ ሲዞር ትበራለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን መጥፋት ይገባታል። ሳትጠፋ ከቀረች አንዳንዱ ሰው ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ፕላስተር ለጥፎባት ይነዳል። እኔ ግን ይህች መብራት ቁጥር የምትናገር መሆኗን ካወቅሁ ወዲህ ወድጃታለሁ።

በአሜሪካ አገር ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርቡ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 እግር ሶኬት እንዲኖራቸው በሕግ ታዘዘ። መሣሪያ ይሰካበታል፤ ጕድለቱም ተጽፎ ይነበባል። ከዚያ በፊት የተሠሩትና ዛሬም በከተማችን የሚሮጡት ብዙዎቹ ኮሮላዎች ይህ ሶኬት የላቸውም። ነገር ግን ቤንዚናቸው በካርቡራተር ሳይሆን በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚረጭ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ያየውን ጕድለት በቁጥር ይመዘግባል።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ትገኛለች። ከክዳኑ ሥር የእያንዳንዱ ቀዳዳ ስም ተጽፏል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የተባሉት ሁለቱ በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ማዞር ነው። (በዚያው ሳጥን የባትሪ ኃይል የሚያልፍበት ቀዳዳም ስላለ፣ ስሙን ሳያነቡ ሽቦ መክተት አደገኛ ነው።) መብራቷ ሳታቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም ካለች የተመዘገበ ጕድለት የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ጥቂት አርፋ፣ እንደ ገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለች ግን 22 ማለቷ ነው። ጕድለቱ ብዙ ከሆነ ከትንሹ ቁጥር ጀምራ በተራ ትናገራለች።

አጎቴ የሚተዳደረው በእንዲህ ያለች ኮሮላ ነው። ባለፈው ክረምት ጧት ጧት አልነሣ እያለች አስቸገረችው። አንድ ሰው «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» ብሎ የወር ገቢውን የሚጨርስ ዋጋ ነገረው። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን ሽቦ አጥፈው ሳጥኗ ውስጥ ከተቱና፣ «ልጄ፣ ያንተ ዓይን ይሻላል፤ ቍጠርልኝ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ቈጠርሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ 22 ሆነ። ይህ ቁጥር የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ይመለከታል።

አጎቴ ወዲያው ሴንሰር ሊገዛ ወደ ሱማሌ ተራ ሊሄድ ተነሣ። ሽማግሌው ግን ከለከሉት። «22 ማለት ሴንሰሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ ከዚያ መንገድ የሚመጣው መልእክት ተበላሸ ማለት ነው። መንገዱ ላይ ሴንሰሩም፣ ሶኬቱም፣ ሽቦውም አሉ» አሉት። ሴንሰሩን በቴስተር ሲለኩት 2,500 ኦም ያህል አሳየ፤ ለቀዝቃዛ ሞተር ትክክለኛው ይህን ያህል ነው፤ ሲሞቅም እየቀነሰ ይሄዳል። ሶኬቱ ሲነቀል ግን ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ተገኘ። ጠረጉት፤ ፊውዙን ለጥቂት ጊዜ አውጥተው የቈየውን ቁጥር አጠፉ። መኪናዋ ተነድታ ከተመለሰች በኋላ መብራቷ ሳታቋርጥ ብልጭ ድርግም አለች፤ በማግሥቱም ጧት አላስቸገረችም። ለካ ኮምፒዩተሩ መልእክቱ ሲጠፋበት ውሃውን 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይገምት ኖሯል፤ ስለዚህ ለበረደው ሞተር የሚሰጠው ቤንዚን ለሞቀ ሞተር የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር።

ከጓደኞቼ መካከል «መሣሪያ ካለ መካኒክ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሽቦዎቹ የነገሩትን ብቻ ነው፤ የተዘጋ የቤንዚን ማጣሪያ ወይም የተቃጠለ ቫልቭ በእነዚህ አሮጌ መኪናዎች የራሱ ቁጥር የለውም። ሞተሩ እያሳለ መብራቷ «ደኅና ነኝ» ልትል ትችላለች። በአዲሶቹ መኪናዎች «ፒ 0115» ተብሎ ሲጻፍም የሚናገረው ስለዚያው የውሃ ሙቀት መልእክት መንገድ ነው፤ የትኛው ዕቃ ይለወጥ የሚለው ገና አልተመለሰም።

ይህን ለመሞከር የምትፈልጉ ባትሪውን ከመንቀላችሁ በፊት ቁጥሩን በወረቀት ጻፉ። ባትሪው ከተነቀለ ኮምፒዩተሩ የመዘገበውን ሁሉ ይረሳል፤ መካኒኩም የሚጠይቀው ምስክር ያጣል።