ተሳቢ ቤት ይዞ ወደ ኮሎራዶ ተራራ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ጋር ተያይዛ ያደገችው አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ሃቫና በሚባለው ጎዳና አካባቢ እንጀራና በርበሬ ለማግኘት ብዙ መንከራተት አያስፈልግም። እኛ ክረምት በምንለው፣ ለእነሱ ግን በጋ በሆነው በሐምሌ ወር ወደ መኖሪያ ሰፈሮቹ ገባ ያለ ሰው ደግሞ በየደጃፉ ነጭ ተሳቢ ቤት ቆሞ ያያል። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ ታንከርና መጸዳጃ ያለው፣ ከቤት መኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ተራራው ቅርብ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ኢንተርስቴት 70 የተባለው አውራ ጎዳና በእነዚህ ቤቶች ይሞላል።

ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደዚያ የምትሄዱ ወላጆች አንድ ቀን “ተዘጋጁ፣ ተራራ ላይ ልናድር ነው” ልትባሉ ትችላላችሁ። እንግዳ ሆኖ “ይህ ነገር እንዴት ነው የታሰረው?” ብሎ መጠየቅ ነውር ሊመስል ይችላል። አባታችን ግን ጠየቁ። መጠየቅም ያምርባቸዋል፤ በደህናው ዘመን ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ይዘው ከአዲስ አበባ በጣርማበር፣ በኮምቦልቻና በሚሌ እየተመላለሱ የአሰብን መንገድ ያረጁበት ሰው ናቸው።

ወንድሜ ተሳቢውን የገዛው ያገለገለ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር ክብደት አከፋፋይ የሚባለውን መጎተቻ አግኝቷል። ዕቃው ሲታይ የሚያስፈራ ብረታ ብረት ነው። ከመኪናው ኋላ የሚሰካ ወፍራም ራስ አለው፤ ራሱ ላይ ተሳቢው የሚቀመጥበት ኳስ አለ። ከኳሱ ሥር ሁለት ረጃጅም የሞላ ዘንጎች ወደ ተሳቢው ይዘረጋሉ፤ ጫፋቸው ደግሞ በተሳቢው ግራና ቀኝ ብረት ላይ በሰንሰለት ወይም በማቀፊያ ተወጥሮ ይታሰራል።

ሥራውን ለመረዳት ጋሪ ማሰብ ይበቃል። ጋሪ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ባለ ጋሪው “ወደ ፊት ጠጋ በሉ” ወይም “ወደ ኋላ በሉ” ሲል ሰምቷል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ፈረሱን ከመሬት ሊያነሳው ይደርሳል፤ ወደ ፊት ከበዛ ጀርባውን ይሰብረዋል። ተሳቢ ቤትም እንዲሁ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጁ ኳሱ ላይ መጫን አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በጎዳናው ላይ እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል።

ነገር ግን ኳሱ የሚገኘው ከመኪናው የኋላ ጎማ አልፎ ነው። በምሳሌ እንየው። በመኪናው የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ቢኖር፣ ኳሱም ከኋላ ጎማ 1 ሜትር ተኩል ርቆ ቢገኝ፣ ኳሱ ላይ 300 ኪሎ ሲጫን የኋላ ጎማዎች 300 ሳይሆን 450 ኪሎ ይጨመርባቸዋል። ትርፉ 150 ኪሎ የሚመጣው ከፊት ጎማዎች ተቀንሶ ነው። መሪ የሚያዞሩትና አብዛኛውን የፍሬን ሥራ የሚሠሩት ደግሞ የፊት ጎማዎች ናቸው። ቀለል ሲላቸው መሪው ይሳሳል፤ ማታ ማታ የመኪናው መብራት መንገዱን ትቶ ዛፍ ጫፍ ያያል። ክብደት አከፋፋዩ ዘንጎቹ በተወጠሩ ቁጥር መኪናውን ከወገቡ ቀና እያደረገ፣ ከሸክሙ ከፊሉን ወደ ፊት ጎማዎች፣ ከፊሉን ወደ ተሳቢው የራሱ ጎማዎች ይመልሳል።

መልካም። ታዲያ እንዴት ይገጠማል? ወንድሜ ሙሉ ቅዳሜውን አውሎበታል፤ አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሜትሩን ይዘው ነበር። መጀመሪያ ተሳቢው ለጉዞ እንደሚጫነው ተጭኖ፣ ጎማዎቹ በመሸጎሪያ ታግደው፣ ደልዳላ መሬት ላይ ቆመ። ባዶ ተሳቢ ላይ የተለካ ልክ ለሙሉው አይሆንም። ከዚያ መኪናው ለብቻው ሳለ ከመሬት እስከ ፊተኛው ፓራፋንጎ ጠርዝ ተለካ፤ 90 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ተሳቢው ኳሱ ላይ ሲወርድ፣ ዘንጎቹ ሳይታሰሩ፣ 93 ከግማሽ ደረሰ። የመኪናው አፍንጫ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ተነሳ ማለት ነው። ዘንጎቹ ሲወጠሩ ወደ 91 ከ7 ወረደ። የእሱ መኪና መመሪያ መጽሐፍ የተነሳው ግማሽ ያህሉ ይመለስ ይላል፤ የሌላው መኪና ሌላ ሊል ስለሚችል የጎረቤትን ልክ መቅዳት አያዋጣም። እስኪደፋ ድረስ መወጠርም ጥፋት ነው፤ ያኔ የኋላ ጎማዎች ይቀሉና በእርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተታሉ። ልኩ ካልመጣ የሰንሰለቱን ቀለበት መለዋወጥ ወይም የራሱን ማዘንበያ ማስተካከል ነው። በመጨረሻ ብሎኖቹ አምራቹ በጻፈው ልክ፣ ጉልበት በሚለካ ቁልፍ ጠበቁ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም እንደገና መጥበቅ አለባቸው።

እዚህ ላይ ለልጆች ያለኝን ፍርሃት ልናገር። የተወጠረው ዘንግ በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ኃይል ይዟል፤ ካመለጠ እጅ ወይም መንጋጋ ይሰብራል። ብልሃቱ ቀላል ነው። ተሳቢው ኳሱ ላይ ከተቆለፈ በኋላ፣ በተሳቢው የራሱ ክሪክ የመኪናውን ቂጥ ጭምር ወደ ላይ ማንሳት፤ ያኔ ዘንጎቹ ይላላሉ፣ ያለ ብዙ ትግል ይታሰራሉ፤ ሲፈቱም እንዲሁ። ማሠሪያው የራሱ ረጅም ዱላ አለው፤ ሰው ፊቱንም እግሩንም ከዱላው መንገድ አርቆ በጎን ይቆማል። መኪናው ወደ ኋላ እየመጣ ሳለ ደግሞ በመካከል ማንም አይቆምም። አባባ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። በእሳቸው ዘመን ተሳቢ ሲታሰር መካከል የሚቆመው ረዳቱ ነበር።

ሁሉም ተስማምቶ ልንነሳ ስንል ግን የሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ጉዳይ መጣ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ680 ኪሎ እንዳይበልጥ ትላለች። ብዙ ሰው ክብደት አከፋፋይ ካሰረ መኪናው የሚሸከመው የጨመረ ይመስለዋል። አልጨመረም። በእርግጥ መጎተቻው የሚሰካበት ብረት ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ በወንድሜ መኪና ያለ አከፋፋይ 2,270 ኪሎ፣ በአከፋፋይ 3,630 ኪሎ መጎተት ይቻላል። የበሩ ወረቀት ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያላት። ተሳቢው በጠቅላላው 2,600 ኪሎ ሲመዝን፣ ኳሱ ላይ ያረፈው 330 ኪሎ ነበር። ብረታ ብረቱ ራሱ 40 ኪሎ ነው። ከ680 ላይ 370 ሲነሳ 310 ይቀራል። ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ሁለቱ ልጆች፣ አባባና እኔ ስንደመር 343 ኪሎ ሆንን፤ የቡናው ረከቦት ገና ሳይጫን።

ባለ ሰባት መቀመጫ መኪና ውስጥ ስድስት ሰው አይሆንም ሲባል ለእንግዳ ይከብዳል። ወንድሜ ተጨነቀ፤ አባቱን ከሩቅ አገር ጠርቶ በሌላ መኪና ከኋላ ማስከተል አልዋጥልህ አለው። “ግድ የለም፣ ትንሽ ነው የበለጠው” የሚል ሐሳብም ከወደ ኋላ ተሰማ። አባባ ናቸው የቆረጡት። “ልጄ፣ ዳገቱ ትንሽ ነው ብሎ አይምርህም፤ ቁልቁለቱማ ጭራሽ” አሉት። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ወንድሜ፣ ልጆቹና አባባ በትልቁ መኪና፤ የወንድሜ ሚስትና እኔ ከዕቃው ከፊሉን ይዘን በትንሿ መኪና ከኋላ። ተሳቢው ውስጥ ሰው አይቀመጥም። ልጆቹ አልጋው ላይ ተኝተው ለመሄድ ለምነው ነበር፤ በሚሄድ ተሳቢ ውስጥ ግን ቀበቶ የለ፣ የሚያያቸው የለ፤ አልተፈቀደላቸውም።

ከመነሳት በፊት የነበረው ዙሪያ ፍተሻ ረጅም ነበር። የጥንቃቄ ሰንሰለቶቹ ከኳሱ በታች ተጠላልፈው ታሰሩ፤ ተሳቢው ቢያመልጥ አፍንጫው መሬት ላይ እንዳይተከል ያቅፉታል። ተሳቢው ሲነጠል የራሱን ፍሬን የምታስይዘው ቀጭን ሽቦ ለብቻዋ ከመኪናው ጋር ታሰረች። የፍሬንና የፍሬቻ መብራት፣ የጎማ ነፋስ፣ የተዘጋ የጋዝ ሲሊንደር ታዩ። ከባዱ ዕቃ ከተሳቢው ጎማ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ከአውሮራ እስከ ዲለን ሐይቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዴንቨርን አልፎ መንገዱ መውጣት እንደጀመረ ጄነሲ የሚባል ቦታ ላይ ከአጥር ወዲያ የአሜሪካ ጎሾች ሲግጡ ይታያሉ፤ ልጆቹ ከፊት መኪና ስልክ ደውለው “አያችኋቸው?” አሉን። እኛ ግን ዓይናችን ተሳቢው ላይ ነበር። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በግራ ሲቀድማቸው ነፋሱ መጀመሪያ ተሳቢውን ወደ ዳር ገፋው፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ሳበው። ጀርባው አንዴ ወዝወዝ ብሎ ቀጥ አለ። ወንድሜ ፍሬን አልነካም፤ መሪም አላወናጨፈም። ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ውዝዋዜው ቢቀጥል ኖሮ ከመሪው አጠገብ ባለችው መቆጣጠሪያ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ይይዝ ነበር፤ ያኔ ተሳቢው ወደ ኋላ እየተጎተተ ራሱን ያቃናል። የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ግን ተሳቢው ከኋላ እንዲገፋህ መጋበዝ ነው። በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር አላለፈም፤ ውዝዋዜን ከሁሉ በላይ የሚያባብሰው ፍጥነት ነውና።

የወርቅ ፈላጊዎች ከቆረቆሯት ከአይዳሆ ስፕሪንግስ ወዲያ ሸለቆው ይጠባል። ከጆርጅታውን በኋላ ዳገቱ እውነተኛ ዳገት ይሆናል፤ የጭነት መኪኖች በቀኝ መስመር አደጋ ማመልከቻቸውን እያበሩ ያዘግማሉ፤ እኛም ከእነሱ ኋላ ገባን። ጫፉ ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ አለ። የምዕራብ አቅጣጫው በ1973፣ የምሥራቁ በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተከፍተዋል። 2.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከፍታው 3,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከእንጦጦ በላይ ነው። አባባ እዚያ ሲገቡ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን የጣርማበርን ዋሻ አስታውሰው ለልጆቹ ይተርኩ ጀመር፤ ጉሙን፣ ብርዱን፣ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ።

ከዋሻው ማዶ መንገዱ በየመቶ ሜትሩ እስከ 7 ሜትር ይወርዳል፤ ሲልቨርቶርን እስኪደረስ ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ፍሬናቸው እምቢ ላላቸው ከባድ መኪኖች በጎን ወደ ላይ የሚወጣ፣ ጠጠር የተሞላበት ማምለጫ መንገድ በሁለት ቦታ ተሠርቷል። ይህን ያየ ሰው መፍጠኑን ይተዋል። ወንድሜ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አደረገ። ፍሬኑን እየያዘ አላሞቀውም፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ይለቃል። ከኋላ ሆነን የቀዩን መብራት ብልጭታ እየቆጠርን ወረድን። የወንድሜ ሚስት መሪዋን በሁለት እጇ ጨብጣ “የፊቱ ጎማ አሁን ይይዛል አይደል?” ስትል ሰማኋት። ይዟል።

ዲለን ሐይቅ ሰው ሠራሽ ነው። ግድቡ በ1963 ሲያልቅ የቀድሞዋ ዲለን ከተማ ከቦታዋ ተነስታለች፤ ውኃውም በተራራው ሥር በተቦረቦረ 37 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ወደ ዴንቨር በኩል ይሄዳል። በዙሪያው ጥድ አለ፤ ከፍታው ከአዲስ አበባ ስለሚበልጥ ምሽቱ በሐምሌም ጋቢ ያስፈልጋል። የድንኳንና የተሳቢ ቤት ማረፊያው ቦታ ላይ ደርሰን የተሳቢው ጎማ እስኪታገድ፣ ክሪኩ እስኪነሳ፣ ዘንጎቹ እስኪላሉ ድረስ ልጆቹ ከመኪና አልወረዱም። ይህን ያዘዙት አያታቸው ናቸው።

ሁለት ሌሊት አደርን። እሑድ ጠዋት ለመመለስ ስንነሳ የውኃው ታንከር ባዶ ነበር፤ ምግቡም አልቋል፤ በኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ስንመጣ እንደነበረው አይሆንም። አባባ ሜትሩን ከኪሳቸው አወጡና ወደ ፓራፋንጎው ጎንበስ አሉ።