ከፋብሪካ እስከ አደባባይ፦ የዲትሮይት ቅኝት

ዲትሮይት ላይ ቆሞ ካናዳን ማየት የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ግን ወንዙ እዚህ ጋ ስለሚታጠፍ የካናዳዋ ዊንዘር ከዚህች የአሜሪካ ከተማ በስተደቡብ ናት። ዉድዋርድ የተባለው ዋና ጎዳና ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ሲደርስ ሃርት ፕላዛ የሚባል ሰፊ የኮንክሪት አደባባይ ላይ ያልቃል። አሜሪካውያን በጦርነት የሞቱ ወታደሮቻቸውን የሚያስቡት በሜይ ወር የመጨረሻ ሰኞ ነው። «ሙቭመንት» የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫልም በየዓመቱ በዚያው ሰኞና ከፊቱ ባሉት ቅዳሜና እሑድ በዚህ አደባባይ ይካሄዳል። በእኛ ቀን ሰኞው ከግንቦት 17 እስከ 23 ባለው ጊዜ ይውላል።

ወደዚህ ፌስቲቫል የሚሄድ ሰው ዕቅድ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ትኬት ይቆርጣል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ቅዳሜ ገብቶ ሦስት ቀን ድምፅ ማጉያ ፊት ቆሞ ማክሰኞ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው ሙዚቃውን ሰምቷል፤ ሙዚቃው ከየት እንደመጣ ግን አላየም። ቴክኖ የሚባለው ይህ ሙዚቃ የተወለደው በዚህች ከተማ ነው፤ የተወለደበትን ምክንያት የሚያስረዳውም ከተማዋን መዞር ነው። ስለዚህ በዕቅዳችሁ ላይ አንድ ቀን ጨምሩና ዓርብ ጠዋት ድረሱ።

የዓርቡን ዙር ከዲትሮይት የሥነ ጥበብ ሙዚየም እንጀምር። መሀል ከተማ ካረፋችሁ ዉድዋርድን ተከትሎ ወደ ላይ የሚሄደው ኪውላይን የተባለ ባቡር በነፃ ያደርሳችኋል። መስመሩ 5.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ሜክሲኳዊው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በ1932 እና በ1933 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የግድግዳ ሥዕሎች የሣለበት አዳራሽ አለ። ባለ 27 ክፍሉን ሥዕል ያሠራው ከፎርድ ቤተሰብ የመጣው ገንዘብ ነው፤ ሥዕሉ ላይ የነገሠው ግን ላብ አደሩ ነው። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ይገፋሉ፣ ይጎትታሉ፣ ያነሳሉ፤ የአንዱ ክንድ ከሌላው ክንድ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ጠጋ ብላችሁ የደቡቡን ግድግዳ እዩ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚለፋው ለመኪና ሆኖ ሳለ፣ ተሠርቶ ያለቀ መኪና የሚታየው ከመስመሩ ጫፍ ላይ፣ ጥፍር የምታክል አንዲት ቀይ መኪና ብቻ ናት። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ለመጨረሻው ቀን አትተዉት።

ከዚያ በዚያው ባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ግራንድ ቡሌቫርድ ድረስ ሂዱ። ይህ ጎዳና ዉድዋርድን ያቋርጣል፤ በግራው ክንፍና በቀኙ ክንፍ ሁለት ቤቶች አሉ።

በስተምዕራብ ያለው የሞታውን ሙዚየም ነው። ቤሪ ጎርዲ መኪና መገጣጠሚያ ውስጥ ሲሠራ የቆየ ሰው ነበር። በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ፣ በኋላ ሞታውን የተባለውን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ፤ ይህችን ተራ መኖሪያ ቤትም ገዝቶ ስቱዲዮ አደረጋት። ዘፋኙን በአንድ በር እንደ ባዶ ብረት አስገብቶ በሌላው በር ኮከብ አድርጎ የማስወጣቱን ዘዴ የተማረው ከፋብሪካው መስመር ነው። እዚህ አስቀድሞ ትኬት መያዝ ያስፈልጋል።

በስተምሥራቅ፣ በ3000 ቁጥር፣ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የተባለው የሙዚቀኞች ስብስብ ቤት አለ። ውስጡ አነስተኛ የቴክኖ ሙዚየም ይገኛል፤ ዝም ብሎ ሄዶ በር ማንኳኳት አይሠራም፣ ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። ከሸክላዎቹና ከሲንተሳይዘሮቹ መሀል የድራም ማሽኖችን ታያላችሁ። የሮላንድ 808ን ነገር እንደ ምሳሌ ላስረዳ። ከ1980 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የተመረተ ሣጥን ነው፤ ታችኛው ጠርዙ ላይ 16 ቁልፎች ተደርድረዋል፤ አራት ቀይ፣ አራት ብርቱካናማ፣ አራት ቢጫ፣ አራት ነጭ። አንዱን ስትጫኑ ከበሮው እዚያ ቦታ ላይ ይመታል፤ ያልተጫናችሁትን ዘሎ ያልፋል። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ እስክታጠፉት ድረስ አይቆምም። ጠዋት ግድግዳው ላይ ያያችሁት መስመር ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ብሎን ያጠብቃል፣ ቀበቶው ይዞራል። ልዩነቱ አሁን መስመሩን የሚያዘው አለቃው ሳይሆን ከመኝታ ቤቱ ወለል ላይ የተቀመጠው ልጅ መሆኑ ነው።

ልጆቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሶንደርሰን። የተዋወቁት ከዲትሮይት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ባለችው ቤልቪል ትምህርት ቤት ሲማሩ ነው። በሬዲዮ «ኤሌክትሪፋዪንግ ሞጆ» የተባለ አቅራቢ ከጀርመን ክራፍትወርክን፣ ከአሜሪካ ፕሪንስንና ፓርላመንትን እያቀላቀለ ያሰማቸው ነበር። አትኪንስ በ1981 ከጓደኛው ጋር ሳይቦትሮን በሚል ስም የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ፤ በ1985 ሜትሮፕሌክስ የተባለውን የራሱን አሳታሚ ከፈተ። በ1988 እንግሊዝ አገር «ቴክኖ» የሚለውን ቃል በርዕሱ የያዘ የዲትሮይት ስብስብ ሲታተም ስሙ ጸና። የሦስቱም አሳታሚ ድርጅቶች የሚሠሩት ኢስተርን ማርኬት የተባለው የአትክልትና የሥጋ ገበያ አጠገብ፣ ግራሺየት ጎዳና ላይ ነበር። ገበያው ቅዳሜ ጠዋት ይደምቃል፤ ፌስቲቫሉ ከመከፈቱ በፊት ቁርስ ፍለጋ ብትወጡ እግረ መንገዳችሁን ሠፈሩን ታያላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ነገር ላንሳ። አትኪንስ አሳታሚውን በከፈተበት በዚያው 1985፣ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ የቀረው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ «ሸሞንሟናዬ»ን የያዘውን ካሴት ቀርጿል። ኃይሉ ዓመታትን ታክሲ ሲነዳ ቆየ፤ ካሴቱ በ2013 በሸክላ ታትሞ ዓለም ሰማው። ሁለቱ ሰዎች የሚተዋወቁ አልነበሩም፤ ማሽኑ ግን የአንድ ዘመን ማሽን ነው። ኋላም ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ክራርንና ማሲንቆን ከኮምፒዩተር ጋር አዋሕደው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ያሉትን ሥራ ሲያወጡ፣ በ2014 ያሳተመላቸው የዋሽንግተን ድርጅት ነበር። «ይህ የፈረንጅ ጩኸት ነው» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ከጉዞው በፊት እነዚህን አሰሙት።

አሁን ወደ አደባባዩ እንውረድ። ሃርት ፕላዛ በር ላይ 36 ሜትር የሚረዝም የተጠማዘዘ የብረት ዓምድ ቆሟል፤ መሀል ላይ በሁለት እግር የቆመ ግዙፍ የብረት ቀለበት ውኃ ይረጫል። ሁለቱም የኢሳሙ ኖጉቺ ሥራዎች ናቸው፤ ፏፏቴው የተሠራው የመኪና አምራቹ የሆራስ ዶጅ መበለት በተናዘዙት ገንዘብ ነው። ጎዳናው ላይ ደግሞ ከሰባት ሜትር በላይ የሚረዝም የነሐስ ክንድ ቡጢውን ጨብጦ ተንጠልጥሏል፤ የቦክሰኛው የጆ ሉዊስ መታሰቢያ ነው። ጓደኛ ቢጠፋችሁ ለመገናኛ ከእነዚህ አንዱን ምረጡ፤ ሕዝቡ ሲበዛ ስልክ አያስተማምንም።

ወደ ወንዙ ጠርዝ ስትጠጉ የማታልፉት ሐውልት አለ። ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ተሰብስበው ወንዙን ማዶ ያያሉ። በድብቁ የማምለጫ መንገድ የዲትሮይት የምሥጢር ስም «እኩለ ሌሊት» ነበር፤ ከዚህ የተሻገረ ካናዳ ገብቶ ነፃ ይወጣል። ፌስቲቫሉም በሩን የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከሐውልቱ ጀርባ ከመድረኮቹ የሚመጣው ድምፅ እየተደበላለቀ ይደርሳችኋል።

መድረኮቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። አንደኛው ከአደባባዩ ሥር፣ ኮንክሪት ጣሪያ ባለው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ቤዙ ከግድግዳ ግድግዳ ስለሚላተም ደረትን ይመታል። እዚያ ለመግባት የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ስለ ጆሮ የምናገረው ለወግ አይደለም፤ ሦስት ቀን ነው።

የፌስቲቫሉ ታሪክ እንደ ከተማዋ ወጣ ገባ ነው። በ2000 ሲጀመር መግቢያው በነፃ ነበር፤ የጥበብ ኃላፊው ሙዚቀኛው ካርል ክሬግ ነበር። በ2001 ከሁለተኛው ዝግጅት ጥቂት ቀደም ብሎ ከኃላፊነቱ ሲነሳ አድናቂዎች ተቆጡ። በ2003 ዴሪክ ሜይ ተረክቦ ሙቭመንት አለው፤ በ2005 ሶንደርሰን ሲመራው ለመጀመሪያ ጊዜ መግቢያ ተከፈለ፤ ከ2006 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ፓክሳሃው የተባለ የከተማዋ ድርጅት ነው። በ2013 ከተማዋ ራሷ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ኪሳራ አወጀች፤ የሙዚየሙ ሥዕሎችም ሊሸጡ ነው ተብሎ ነበር። በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝቧ በ2020 ወደ 640 ሺህ ወርዷል። ስትዞሩ የምታዩት ባዶ መሬት የዚያ ትዝታ ነው። ሥዕሎቹ ግን ተርፈዋል፤ ሙዚቃውም አለ።

ስለ ምግብ፦ የከተማዋ መለያ ኮኒ ዶግ ነው፤ ዳቦ ውስጥ ያለ ቋሊማ ላይ የሥጋ ወጥና ሽንኩርት ይደፋበታል። ቀኑ ብዙ ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ጾም አያሳስብም፤ ሥጋው የምን እንደሆነ ግን ጠይቁ። ሐላል የሚፈልግ ሰው ብዙ ዐረቦች ወደሚኖሩባት ጎረቤት ከተማ ወደ ዲርቦርን ይሂድ።

ስለ ወረቀት፦ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ከትኬትም ከሆቴልም በፊት ቪዛውን ይጨርስ። ዊንዘር ቅርብ ናት ብላችሁ ዘው አትበሉ፤ ካናዳ የራሷ ሕግ አላት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ከዋሽንግተን በመኪና ዘጠኝ ሰዓት ያህል፣ ከቶሮንቶ አራት ሰዓት ያህል ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ከመሀል ከተማ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሆቴሉን መሀል ከተማ ያዙት፤ በእግር መመለስ ይቻላል።

ስለ ሰዓት፦ በእኛ አቆጣጠር ሙዚቃው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ ጭፈራ ቤቶች ይቀጥላሉ፤ የመጠጥ ሽያጭ በሌሊቱ 8 ሰዓት ሲቆም ዳንሱ አይቆምም። ሦስቱንም ሌሊት ለማንጋት የሚሞክር ሰኞን ተኝቶ ያሳልፋል፤ አንድ ሌሊት ምረጡ። የወንዙ ንፋስ ማታ ስለሚበርድ ጃኬት አትርሱ።

ጉዳዩን ላጠቃልል። ገንዘባችሁ ለሦስት ቀን ትኬት ካልበቃ የአንድ ቀን ቁረጡ፤ ዓርብን ግን አትቀንሱ። ሪቬራ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው፣ አደባባዩ ሥር ያ ማሽን መምታት ሲጀምር ማን እንደሚመታው ያውቃል።